የሞላ ጆሮ፣ የየሺ አንደበት

ልጁ ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታለት ወላጅ ይህን ቢያነብ፣ እኔ ከደከምኩት ጥቂቱ ይቀርለት ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ለሰው የማካፍለው ጥበብ የለኝም። ያባከንኩትን ጊዜ ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን ከድጓ ማስመስከሪያዋ ደብር ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የጋይንት ደብር መሪጌታ ነበርኩ። ሥራዬ ድጓ ማስተማር ነው። ዜማ የሚገባው በጆሮ ነው፤ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል። ሃያ ተማሪ በአንድ ላይ ሲያዜም አንዱ ቢስት፣ የትኛው እንደሆነ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደተቀመጥኩ እናገር ነበር። ሰዎች ይህን ሲያወሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ አትጠገብ የእስቴ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ሞላ ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ጆሮው መግል ማውጣት ጀመረ። ጎረቤት ሁሉ «የልጅ ጆሮ ነው፣ ጥርሱ ሲያልቅ ይደርቃል» አለን። ይደርቃል፤ ደግሞ ይጀምራል። አትጠገብ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች፣ ዝንቡን እፍ ትልለታለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኛ ያን ነገር ከንፍጥ ለይተን አላየነውም።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልተናገረም። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» አሉን። ሦስት ሆነው፤ የሚፈልገውን በእጁ ያሳያል፣ ካልገባን መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። አንድ ቀን አትጠገብ ጭድ እያስገባች ሳለች ቀስ ብላ፣

«አይሰማ ይሆን?» አለችኝ።

ሳቅሁባት። «ከበሮ ሲመታ ማነው ሮጦ የሚመጣው? ደወል ሲደወል ቀና አይልም? ውሻ ሲጮኽበት አይደነግጥም? የሚሰማ ልጅ ነው፤ የታሰረው ምላሱ ነው» አልኳት።

ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። በጆሮ ነገር ከኔ ጋር ልትከራከር አልቻለችም። እሷ ያን ቀን የጠየቀችውን እኔ አምኜ ለመቀበል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለች። ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ከተማ የሚውል እንጥል ቆራጭ ነበርና አስመጣነው። ሞላ ሳምንት ሙሉ ከወተት በቀር የሚወርድለት ጠፋ። ከዚያ በኋላም አልተናገረም። በማግስቱ ዓመት ደግሞ «ከምላሱ ሥር ያለችው ጅማት ናት የያዘችው» የሚል መጣና እሷንም በምላጭ አስቆረጥን። ሁለቱንም ጊዜ ጭንቅላቱን ጨብጬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየው።

ሞላ ሁለት ዓመት ሲሆነው የሺ ተወልዳ ነበር። ጆሮዋ ደህና፣ እግሯ ፈጣን፣ ሁሉን የምታይ ልጅ። በሷ ተስፋ አድርገን ሳለ እሷም ሁለት ዓመት አለፋት፣ ሦስት ደረሰች፣ እኛ የምናውቀው ቃል ከአፏ አልወጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ሁለቱ ጭቃ ሲያቦኩ ደረስኩባቸው። ያወራሉ። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ይሳሳቃሉ፣ ደግሞ እሷ ትጀምራለች። ድምፁ ሁሉ አናባቢ ብቻ ነው፤ አጥንት የሌለው ንግግር። ከተናገሩት አንዲት ቃል አልያዝኩም። እነሱ ግን አንዱ የሌላውን አንዲት ቃል አልሳቱም።

እንደ መምህር ቆሜ ብሰማ ኖሮ ያኔ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁና እየተቆጣሁ ለያየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የሞላ መሆኑ ቀርቶ የቤታችን ሆነ። እናቴ «ይሄ ከኛ ወገን አይታወቅም» እያለች አትጠገብን ሳታይ ትናገራለች። ለየሺም እንጥል ቆራጩ ተጠራ። ምንም ያልነበረባትን ልጅ። ሞላ የዚያን ቀን የሰውየውን የምላጭ ጥቅልል ገና ሲያይ የሺን እጇን ይዞ ወደ ገብሱ ማሳ ሮጠ፤ ተማሪዎቼ ናቸው ይዘው የመለሷቸው።

ስማዳ እህቴ ዘርፌ ቤት አርፈን ሁለት ሳምንት ጠበል አስጠመቅናቸው። ውሃው በራሳቸው ላይ ሲወርድ የሞላ ጆሮ ይሞላል፤ ከሱባኤው ስንወጣ መግሉ ትራሱን እስኪያርስ ይወርድ ነበር። በጠበሉ አላመካኝም፣ እምነቴም አልጎደለም። ጆሮውን በጥጥ ድፈኑለት የሚለን ሰው አለማግኘታችን ነው የሚቆጨኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚሰጥ ሰው አለ ተባልንና ጎራ አልን። ከጧት እስከ ቀትር ደጁ ላይ ፀሐይ መታን። ሲደርሰን ሞላን አገጩን ይዞ አየው፣ ጣቱን ከፊቱ አወዛወዘ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ይሄ የአእምሮ ነገር ነው። ልጅቱም እንደሱ ናት። መድኃኒት የለውም፤ እግዜር ሌላ ይስጣችሁ» አለና የወስፋት ኪኒን ሰጠን።

 ቤት ደርሰን አትጠገብ ልጆቹን አስተኝታ ሳትጨርስ እናቴ ምን እንደተባልን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ሌላ ይስጣችሁ አለ?» አለች እናቴ። «ሦስተኛው ሌላ የሚሆን ይመስልሃል? ማህፀኑ ያው አይደል?»

መጋረጃው ስስ ነው፤ አትጠገብ ሰምታለች። እኔ ደግሞ ለእናቴ መልስ አልሰጠሁም። በማግስቱ ከማኅሌት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። የሺን አዝላ፣ ሞላን እጁን ይዛ ወደ ወንድሞቿ፣ ወደ እስቴ ሄዳለች። የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ሦስት ሳምንት በኩራት ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼ ምንም አይጠይቁኝም፤ ግን ሲያዜሙ ድምፃቸውን ይቀንሱልኛል። እንደ ለቀስተኛ እየያዙኝ መሆኑ ሲገባኝ ተነሥቼ ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሟ በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ እህል የሚነግድ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እግሬን አስታጠበኝ፣ አበላኝ፣ ከዚያ ነው የተናገረው።

«መሪጌታ፣ ሚስትዎን ልውሰድ ካሉ አንከለክልም። ልጆቹን ግን አስቀድመው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ያሳዩልን።»

«አሳይተናል።»

«ያሳያችሁትን ነግራኛለች። ጆሮውን አላየም፣ አፉን አላየም። እኔ በሬ ስገዛ እንኳ ከዚያ የበለጠ አያለሁ።»

አትጠገብ ጓዳ ሆና ሽንብራ ትለቅም ነበር። ሳትወጣ፣

«እኔ እሄዳለሁ» አለች። «አንቱ ቢመጡም እሄዳለሁ፣ ባይመጡም እሄዳለሁ።»

አብሬ ሄድኩ። ወንድሟ በቅሎ አዋሰን፤ ልጆቹን አንድ ላይ አስቀምጠን ሁለት ቀን ተጓዝን። ከቤቴ ስወጣ ለመንገዱ ወጪ አንድ ወይፈን ሸጬ ነበር፤ ሁለተኛውን ስንመለስ ለሚያስፈልገን ብዬ ተውኩት።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሕዝብ ሞልቷል። ከየአገሩ የመጣ ነው፤ በቃሬዛ የመጣ አለ፣ ልጁን አቅፎ ግድግዳ የተደገፈ አለ። ካርድ ይሰጣል፣ ካርዱ ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ሳይደርስ ይመሻል። ሦስት ቀን እጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀመጥን። እኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መሪጌታ ብሎ የሚነሣልኝ የለም። ያ ነገር መጀመሪያ ከበደኝ፣ በሦስተኛው ቀን አሳረፈኝ። አጠገባችን አንገቷ ያበጠ ሴት ነበረች፤ ቁጥሯ ከኛ ይቀድማል። ሞላ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ አየችውና ተራዋ ሲጠራ ካርዷን ለአትጠገብ ሰጠቻት። «የኔ እብጠት ከርሟል፤ አንድ ቀን ቢጨመርለት ምንም አይል» አለች። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ገባን።

ያየን ድሬሰር፣ ማለት ከሐኪም በታች ሆኖ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ባለሙያ፣ ገና ፂሙ ያልሞላ ወጣት ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የሞላን ጆሮ አሸተተ።

«ይሄ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከዓመቱ ጀምሮ» አለች አትጠገብ።

«አሁን ስድስት ዓመቱ ነው አላላችሁኝም?»

 ሞላን ወደ እናቱ አዙሮ አስቆመውና ከኋላው ሆኖ በተራ ድምፅ ስሙን ጠራ። ሞላ አልዞረም። ከፍ አድርጎ ጠራ፤ አልዞረም። ጮኾ ሲጠራ ዞረ።

«ይኸው ይሰማል» አልኩ። እንዲህ ማለቴን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«መሪጌታ» አለኝ፤ ጥምጥሜን አይቶ ነው። «ወንዝ ሞልቶ፣ ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ ሰምተው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ሰው እንደጮኸ ያውቃሉ፤ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። ይህ ልጅ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ከበሮና ውሻ ይሰማል። ቃል አይሰማም። ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይናገር?»

ከጆሮው ውስጥ ታምቡር የሚሉት እንደ ብራና የሳሳ ቆዳ አለ፤ መግሉ እሱን በልቶ ቀዶታል አለን። ብራና ማለቱ ለኔ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የሺን አቆማት። ከኋላዋ ሆኖ በሹክሹክታ «ከረሜላ ትፈልጊያለሽ?» አላት። ገና ሳይጨርስ ዞረችና በዚያ በማናውቀው ንግግር መለሰችለት፤ እጇንም ዘረጋች። ድሬሰሩ ወደ ወንድሟ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«ማን ጋር ነው የምትውለው?»

«ከሱ ጋር። አይለያዩም» አልኩት።

«እሷ ምንም አልሆነች። ዜማውን የተማረችው ከሱ ነው።»

ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር አንድ ወጣት በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ነገረኝ። ተቀባዩ መሪውን ይመስላል። ልጄ ወንድሟን መሪ አድርጋ፣ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተቀብላ ነበር። አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ እኔ ግን እንኳን ለማልቀስ፣ ለመቀመጥም ቦታ አጣሁ።

ከተማው ውስጥ አንድ ጥግ ተከራይተን ከአንድ ወር በላይ ቆየን። በየጧቱ ጆሮው በጥጥ ይጸዳል፣ ጠብታ ይገባበታል፣ መርፌም ይወጋል። ሞላ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ ቆራጭ ስለሚመስለው የመጀመሪያውን ሳምንት አራት ሰው ነበር የሚይዘው። ኋላ የሺ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ሰጠች። ድሬሰሩ ጥጡን በደህናው ጆሮዋ አዙሮ ጨረሰና «ቀጣይ» አለ። ሞላ ወጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እሷን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ እሱን ነበር የሚያጸዳው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ አላጉረመረመበትም።

የቀኝ ጆሮው ደረቀ። የግራው ሊድን አልቻለም። ስንሰናበት ሁለት ነገር ታዘዝን፤ ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ፣ የሺም ለጥቂት ጊዜ ብዙ ከሚያወሩ ልጆች ጋር እንድትኖር። ውሃው አስጨነቀኝና ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ጠበሉን ይጠጣው። እግዚአብሔር በአፍም ይገባል» አሉኝ። ቀለለኝ።

አትጠገብም አብራኝ ወደ ቤታችን ተመለሰች፤ የየሺ ነገር ግን ከበደን። «እሷ እኮ አፉ ናት» አለች አትጠገብ። «አፉን ሁለተኛ ልንቆርጠው ነው?»  ተከራክረን ሳንጨርስ ዘርፌ ራሷ ከስማዳ መጥታ ወሰደቻት፤ አምስት ልጆች አሏት፣ ቤቷ ገበያ ነው።

ሞላ ወራት ሙሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ዋለ። ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ ዞር ብሎ ያያል። እኔ የከሰዓቱን ትምህርት ለታላቁ ተማሪዬ ለቅቄ ከሱ ጋር እቀመጥ ጀመር። ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ በቀኝ ጆሮው በኩል፣ አንድ ቃል። ውሃ። ውሃ። ውሃ። እጁን ጉሮሮዬ ላይ ያደርጋል፣ አፌን ያያል፣ ይሞክራል፣ ይሰለቸዋል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ ቃል ሳምንት ይፈጃል። በሚቀጥለው ሳምንት ያለፈውን ይረሳዋል። ድጓ ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሱ ያደከመኝ የለም፤ አንዳንድ ቀን ወደ ቤት መግባቱን ፈርቼ በረት ውስጥ የምደበቅበት ጊዜ ነበር። 

የሺ በዓመቱ ለፋሲካ መጣች። ከበቅሎ ሳትወርድ ማውራት ጀምራ፣ ወርዳም አላቆመች። እናቴ እንኳ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሞላ ከበረቱ ሮጦ መጣና በሁለቱ ንግግር አንድ ረጅም ነገር ነገራት፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ይመስለኛል። የሺ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣

«እንደሱ አይባልም፣ ሞልዬ» አለችው።

ደግሞ ነገራት። እኔን አየችኝ። አልገባትም ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ንግግር ረስታዋለች። ፊቱን አላሳያችሁም፤ መጻፍም አልችልም።

የሺ ከዚያ በኋላ እኛው ጋ ቀረች፤ እሱ የዳነው ግን በሷ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሸሻት፤ ከዚያ መከተል ጀመረ፣ የምትለውን እየያዘ። እኔ ሳምንት የምለፋበትን ቃል እሷ በአንድ ጨዋታ ታስይዘው ነበር። ዛሬ የሺ የልጆች እናት ናት። ከዚያ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ትዝ ይላታል፤ ምን ማለት እንደነበረች ግን አታውቅም። ሞላን ጠይቃው ነበር፤ እሱም ረስቷታል።

ሞላ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ለጥያቄ የሚበቃ ቃል አገኘ። ጥጃ እያሰርን ሳለ ነው።

«አባዬ፣ ያኔ ምላሴን የቆረጣችሁኝ ምን አጥፍቼ ነው?»

ምላሹን ለማግኘት ገመዱን ሁለት ጊዜ አሰርኩና ፈታሁ። «ምንም አላጠፋህም። ያላወቅነው እኛ ነን» አልኩት።

«የሺስ?»

«እሷም ምንም።»

ራሱን ነቀነቀና ጥጃውን ይዞ ሄደ።

ስለዚህ አንባቢዬን የምለምነው ይህንን ነው። የልጅ ጆሮ መግል ካወጣ ጥርስ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ልጁ ካልተናገረ ከኋላው ቁሙና በተራ ድምፅ ጥሩት፤ ከበሮ አትምቱለት። ምላጭ ለያዘ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጆሮውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። እናቱ «አይሰማ ይሆን?» ካለች ደግሞ አትሳቁባት።

ሞላ ያን በጠየቀኝ ዓመት ሰዋለም ተወለደች። ሦስተኛ ልጃችን ናት። ሞላ ሕፃኗን ወደዳት፤ ግን ከተወለደች ጀምሮ ቤት ውስጥ መናገር ተወ። ሜዳ ላይ ከብት ሲጠብቅ ያወራል ይሉናል፤ ደጃፉን ሲያልፍ ዝም። ጆሮውን አየን፤ ደረቅ ነው። ወራት አለፉ። ያ ሁሉ መንገድ እንደገና ሊጀመር ነው ብዬ በቅሎ ለመዋስ እስቴ ልልክ ነበር። በመጨረሻ ነገሩን ያወጣችው የሺ ናት።

«ሕፃኗን እንዳላበላሻት ብሎ ነው» አለች። «እኔን ያበላሸኝ እሱ ነው ሲባል ሰምቷል።»

አትጠገብ ያን ስትሰማ የያዘችውን አስቀመጠች። ሰዋለምን አንሥታ ሞላ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«አውራት» አለችው።

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ስሜን እንኳ በደንብ አልችልም። ‘ላ’ አትወጣልኝም።»

«የቻልከውን አውራት።»

 ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ ስለ አንዲት ቡራቡሬ ላም ነገራት። ላሟን «አም» ነው ያላት። ሰዋለም አፉን ታያለች።

ዓመት ሞልቷት ጥቂት ወራት ሲያልፍ አፏን ፈታች። መጀመሪያ ያለችው «ሞአ» ነው። እናቴ ደንግጣ ወደኔ አየች፤ እኔ ወደ አትጠገብ አየሁ። አትጠገብ ገብስ ታሰጣ ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ወንድሟን መጥራቷ ነው። ይተዉአት» አለች።

ተውናት። ሌላውን ቃል ሁሉ በጊዜው፣ እንደማንኛውም ልጅ ተናገረች። እሱን ግን እስከ ዛሬ የምትጠራው «ሞአ» ብላ ነው፤ «አቤት» ይላታል።